«አባቴ ከወደቁ ወዲህ ይረሳሉ» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ76 ዓመት አባትሽ ከሁለት ወር በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ፤ ያን ዕለት ደህና ነበሩ፤ አሁን ግን የነገርሻቸውን ይረሳሉ፣ ቀንና ሌሊቱ ይምታታባቸዋል። «የዕድሜ ነው ይሉናል፤ ውድቀት የመርሳት በሽታ ያመጣል ወይ? የተጎዳ ነርቭ የሚያድስ ሕክምና ተገኝቷል የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ኅብለ ሰረሰራቸው (በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) የተጎዳ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ውስጥ በፊዚዮቴራፒስትነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አባቴም እንደ አባትሽ ወድቀው ነበር።

ከሁሉ በፊት፣ ከውድቀቱ በኋላ ሲቲ ስካን ተነሥተው እንደሆነ አልጻፍሽም። ካልተነሡ የእኔን ጽሑፍ ለማታ አቆዪውና አባትሽን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ አድርሻቸው።

አባቴ ሲወድቁ 78 ዓመታቸው ነበር። ግንባራቸው ላይ እብጠት ወጣ፣ ሟሸሸ፣ ረሳነው። በሰባተኛው ሳምንት ገደማ የሸሚዛቸውን ቁልፍ አንድ ቀዳዳ እያዛነፉ መቆለፍ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ማቀያየር ጀመሩ። ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» አለ። እኔም አልኩ፤ ሙያዬ ሆኖ ሳለ። ያነቃኝ ጆሮዬ ነው። አንድ ምሽት በበሬ ፊት ሲያልፉ የነጠላ ጫማቸውን ድምፅ ሰማሁ፤ የግራው ይነሣል፣ ይወድቃል፤ የቀኙ ግን ወለሉን እየጠረገ ይከተላል። ያንን ድምፅ በሥራዬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እርጅና ሁለቱንም እግር ያዘገያል እንጂ አንዱን ለይቶ አይጎትትም። በማግስቱ በተነሡት ምስል ላይ በግራ በኩል፣ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል፣ የቆየ ደም እንደ ጨረቃ ማጭድ ተኝቶ ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል መጠን ይቀንሳል፤ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ቀላል የሚመስል ምት ይበጥሳቸዋል። ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ለሳምንታት ይጠራቀማል። ስለዚህ በወደቁበት ዕለት ደህና መሆናቸው ማረጋገጫ አይሆንም፤ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሥጋቱ ይብሳል። የአባቴ የራስ ቅል ተበስቶ ደሙ ወጣ። በአራተኛው ቀን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሸሚዛቸውን ከላይ እስከ ታች ቆለፉና «ምን ታዩኛላችሁ?» አሉን። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠንቅም እንዲሁ የመርሳት በሽታን ይመስላሉና ሐኪሙ እነዚህንም እንዲያይላችሁ ጠይቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከሦስት ዓመት በኋላ መርሳቱ ተመለሰ፤ በዚያኛው ጊዜ ደም አልነበረም። አልዛይመር ነው ተባለ፤ ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች በብዛት የሚታየው። «ያ ውድቀት ነው ያመጣው?» ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ ለአንድ ሰው ለይቶ መናገር እንደማይቻል ነገረችኝ፤ ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ልክ እንደነበረች አውቃለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2018 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መዝገብ ተከትሎ፣ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ24 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ይህ ማለት ከአራት ሰው አንዱ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ከመቶ አሥር ሰው የሚታመም ቢሆን ወደ አሥራ ሁለት ይጠጋል እንደማለት ነው። ጉዳቱ ሲከብድና ሲደጋገም ዕድሉ ይጨምራል። ጭንቅላታቸው ደጋግሞ የሚመታውን የቦክሰኞችን ነገርማ አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ ገና በ1928 ጽፎበታል።

እንዴት ለሚለው፣ ጭንቅላት ሲመታ በአንጎል ውስጥ ያሉት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። የክሮቹን የውስጥ ማጓጓዣ ሐዲድ አጥብቆ የሚይዘው ታው የተባለ ፕሮቲን ከቦታው ይለቅና እርስ በርሱ ይተበተባል። በአልዛይመር የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ በከባድ ጉዳት በሞቱ ወጣቶች አንጎል ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል፣ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ይሁንና ተመራማሪዎችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ሰውየው ወድቆ ታመመ ወይስ ታሞ ወደቀ? ጅምር የመርሳት በሽታ ራሱ እርምጃንና ሚዛንን ያናጋል። አባቴ ያን ቀን ለምን እንደወደቁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስለ ነርቭ ማደስ የሰማሽው ምናልባት ከስዊዘርላንዷ ሎዛን የወጣው ዜና ይሆናል። በ2023 ኅብለ ሰረሰሩ ከአሥር ዓመት በላይ ተጎድቶ የኖረ ሰው፣ አንጎሉ ላይና ከጉዳቱ በታች ኅብለ ሰረሰሩ ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች እየታገዘ ሲራመድ ታየ። አስደናቂ ነው፤ እኔ እንባዬ መጥቷል። ግን የተበጠሰውን አልቀጠሉም፤ መልእክቱን በሌላ መንገድ አሻገሩት እንጂ። ኅብለ ሰረሰር ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ የተረፉ ክሮች ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እነሱን መቀስቀስ ይቻላል። በአልዛይመር ግን ሕዋሶቹ እዚህም እዚያም ይሞታሉ፤ ድልድዩ ከየት ወዴት ይዘረጋል?

ለመርሳት በሽታ ያለው አዲሱ ነገር ሌላ ነው። በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት አሚሎይድን ያጸዳል፤ በ18 ወራት ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ያህል አዘገየ። አዘገየ ነው ያልኩት፣ አልመለሰም። ለጅምር ሕመም ብቻ ነው፤ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያመጣ ስለሚችል በቅርቡ ጭንቅላታቸው ለተመታ ሰው ሐኪሞች በቀላሉ አይሰጡትም።

ግንደ ሕዋስ (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) በመርፌ እንሰጣለን የሚሉትን ግን ተጠንቀቂ። አንድ ታካሚዬ ያለውን ሸጦ ርቆ ሄደና ተወግቶ መጣ። ከመሄዱ በፊት የእጁን ጉልበት ለክቼ ጽፌ ነበር፤ ሲመለስም ለካሁት። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ ምን እንደምለው ጠፋኝ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። እውነተኛ ምርምር በአብዛኛው ተሳታፊውን አያስከፍልም።

ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ የወደቁበትን ቀን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዝርዝርና ሲራመዱ በስልክ የቀረጽሽውን ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ተጠንቅቆ ነው የሚራመደው። የምስሉን ውጤት ስታውቂ ጻፊልን።