የአንባቢያን ጥያቄ፦ መገጣጠሚያው የማይታይ የኮሪያን ሻወር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ቤቴ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት። የሻወሩ ፉጋ (በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ሙሌት) በየክረምቱ ይጠቁራል፣ ከጀርባው ያለው የመኝታ ቤት ልስንም ያብጣል። ሻወሩ 90 በ120 ሴንቲሜትር ሆኖ በሦስት በኩል ግድግዳ አለው። ሴራሚኩን አንስቼ የኩሽና ጠረጴዛ በሚሠራበት ኮሪያን መገጣጠሚያ ሳይታይ ማሠራት እፈልጋለሁ። ምን ያህል ይበቃኛል? ሠራተኛውንስ ምኑ ላይ ልቆጣጠረው?

መልስ፦ ፉጋ አዲስም ቢሆን ውሃ ያሳልፋል። ውሃውን ማስቆም የነበረበት ከሴራሚኩ ስር የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው፤ መኝታ ቤትዎ የረጠበው እሱ ስለሌለ ወይም ስለተሰነጠቀ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሳይስተካከል ኮሪያን ቢለጥፉበት እርጥበቱን ከጀርባ ደበቁት እንጂ አላስወገዱትም። ስለዚህ ከሴራሚኩ ስር ያለውን ልስን አስፈርሰው እንደገና ያስለስኑ፣ ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ። በጅማ ዝናብ ከዚያም ይቆያል፤ ከኅዳር በኋላ ቢጀምሩ ይሻላል። ከዚያ መከላከያውን ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን አቋርጦ ያስቀቡ። ቅቡ ሲደርቅ ፍሳሹን ደፍነው ወለሉ ላይ 3 ሴንቲሜትር ውሃ ይሙሉ፣ ልኩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ ሥራው አይቀጥልም።

ሲገዙ አክሪሊክ መሆኑን ያረጋግጡ። ኮሪያን የዱፖንት ምርት ስም ቢሆንም ገበያው ተመሳሳዩን ሁሉ በዚሁ ይጠራዋል፣ ፖሊስተሩን ጨምሮ። 12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3.66 በ0.76 ሜትር ስፋት ያለው 3 ሉህ ይበቃዎታል። አንዱ 120 ሴንቲሜትር የሆኑ 3 ቁራጭ ይወጣዋል፤ የኋላው ግድግዳ ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ግማሽ 90 ሴንቲሜትር የሆኑ 6 ቁራጭ ለሁለቱ ጎን ይወጣሉ። ቀሪው ለወለሉና በዙሪያው ለሚቆመው ጠርዝ ነው። መለዋወጫ ስለማይተርፍ መጀመሪያ በካርቶን ልክ ያስወጡ።

ቁራጮቹ የሚጣበቁት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሙጫው ሁለት ክፍል ነው፣ 10 እጅ ሙጫ በ1 እጅ ማጠንከሪያ፤ ቀለሙ ከሉህ ቀለም ጋር መግጠም አለበት። የሚጣበቀው የቁራጭ ጠርዝ በነጭ ጨርቅና በአልኮል ይጠረግ፤ ባለቀለም ጨርቅ ቀለሙን መገጣጠሚያው ውስጥ ይተዋል። ሞርሳው ሲጠብቅ ሙጫው ከላይ ጎላ ብሎ መውጣት አለበት። ከልክ በላይ ካጠበቁት ሙጫው ተጨምቆ ያልቅና ነጭ መስመር ይቀራል፣ ኋላም እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ የወጣው ሙጫ በጥፍር ሲጫኑት ካልጎደጎደ ይስተካከላል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት 120፣ 180፣ 240 በተራ። አቧራው ብዙ ነው፣ ማስክ ይደረግ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሁሉንም ማዕዘን በሙጫ ካልዘጋሁ ብሎ ይከራከራል። የ10 ዲግሪ ሌሊትና የ40 ዲግሪ ውሃ ልዩነት 120 ሴንቲሜትር ሉህን ከ1 ሚሊሜትር በላይ ያረዝመዋል። ስለዚህ ወለሉና በዙሪያው የሚቆመው 10 ሴንቲሜትር ጠርዝ በሙጫ አንድ አካል ይሁኑ፤ ግድግዳዎቹ ግን ጠርዙን ከላይ ሸፍነው ይውረዱ። እዚያና በማዕዘኖቹ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ትተው በሲሊኮን ይዝጉ። ግድግዳው ላይም ሉሁ የሚለጠፈው በየ25 ሴንቲሜትሩ በተደረገ የሲሊኮን ጉብታ እንጂ በሲሚንቶ አይደለም። የቧንቧ ቀዳዳ ክብ ይሁን፣ ከቱቦው በ3 ሚሊሜትር የሰፋ፤ አራት ማዕዘን ከተቆረጠ ስንጥቁ ከጥጉ ይጀምራል።

ለወለሉ አንድ ስሎፕ ይበቃል፣ ፍሳሹ ከኋላው ግድግዳ ስር በረዥም ይሁን። በ90 ሴንቲሜትር ላይ 18 ሚሊሜትር ዝቅታ በውሃ ልክ ይረጋገጥ። ከስሩ ምንም ባዶ ቦታ አይኑር፤ ሲረገጥ ድም ካለ ይነሳ። የኋላው ግድግዳ 56 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው በጠርዙ አቁሞ ካስገባው በ70 ሴንቲሜትር በር ይገባል፣ መዞሪያው ግን አስቀድሞ ይለካ።

ጥያቄ፦ የእኛ ቤት ጭቃ ነው። እዚያ ላይ ይለጠፋል?

መልስ፦ አይለጠፍም። ጭቃ ከእርጥበት ጋር ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ሉሁን ይዞ መቆም አይችልም። ከጭቃው 3 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ከኮንክሪት ወለል የሚነሳ ባለ10 ሴንቲሜትር ብሎኬት ግድግዳ ያሠሩ፣ ክፍተቱም ከላይ ይከፈት፤ ኮሪያኑ የሚለጠፈው ብሎኬቱ ላይ ነው።