ሊንኩ ተቀምጧል፤ ጽሑፉ ግን የት አለ?

ጥያቄ፦ ለጥናቴ የማነባቸውን ጽሑፎች ለዓመታት ፖኬት በተባለው የሊንክ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ ሳስቀምጥ ነበር። እሱ ከተዘጋ ወዲህ ግማሹን ብራውዘር ላይ፣ ግማሹን ኖሽን የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ፣ የቀረውን ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ እየጣልኩ ነው። አሁን የምፈልገው አይገኝም። ሁሉንም ወደ አንድ መተግበሪያ ላምጣው?

መልስ፦ ሁለት ቢያደርጉት ይሻልዎታል፤ ሊንክ ለብቻ፣ የራስዎ ማስታወሻ ለብቻ። ቡክማርክ (ብራውዘር ላይ የሚቀመጥ ሊንክ) አድራሻ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አልተገኙም። ስለዚህ ለጥናት የሚሆን ገጽ ቅጂው አብሮ መቀመጥ አለበት።

ለእርስዎ ሥራ መጀመሪያ የምንጠቁመው የጥናት ምንጮችን የሚያደራጀውን ዞቴሮን ነው። ብራውዘሩ ላይ የሚጨመረውን ቁልፉን (ቅጥያውን) ሲጫኑ የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑን፣ ርዕሱንና የገጹን ቅጂ ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጣል። በነጻ የሚሰጠው የኦንላይን ማከማቻ 300 ሜጋባይት ስለሆነ ፒዲኤፍ ቶሎ ይሞላዋል። ሲሞላ ግን ከሌላ መሣሪያ ጋር መመሳሰል የሚያቆሙት ፋይሎቹ ናቸው፤ የመጽሐፍና የጽሑፍ መረጃው መመሳሰሉን ይቀጥላል። ከጥናት ውጭ ላሉ ሊንኮች ሬይንድሮፕ የተባለው የቡክማርክ ማስቀመጫ ጥሩ ነው፤ በነጻ የፈለጉትን ያህል ያስቀምጣሉ፣ የገጹን ቋሚ ቅጂ የሚይዘው ግን ሲከፈልበት ብቻ ነው።

ለማስታወሻ ኖሽን ሠንጠረዥ ለሚወድ ሰው ይመቻል። ሌላው የማስታወሻ መተግበሪያ ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ማስታወሻ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ የራስዎ ፎልደር ውስጥ ስለሚያኖር መተግበሪያው ቢጠፋም ጽሑፉ ይነበባል፤ ለብዙ ዓመት ሥራ እኛ የምናምነው ይህንን ነው። አንድ ፎልደር ላይ ሁለት የማመሳሰያ አገልግሎት ግን አያብሩ፤ አንዱ የሌላውን እየቀደመ የተደጋገሙ ቅጂዎች ይፈጠራሉ። ኤቨርኖት ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ነጻውን አገልግሎት በ50 ማስታወሻና በ1 ደብተር ስለገደበ ለመጀመር አይመረጥም። ጉግል ኪፕ ለፈጣን አጭር ማስታወሻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኩትን ማስታወሻ ስፈልግ አይወጣም፤ እዚያው እንዳለ ግን አውቃለሁ። ችግሩ የመተግበሪያው ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ጉዳይ ነው። ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሃ ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት የቃላችን አረባብ ነው። «መጽሐፍ» ብለው ሲፈልጉ «በመጽሐፉ» አይወጣም፤ ፊት ላይ በ ተጨምሯል፣ መጨረሻ ላይ ፍ ወደ ፉ ተለውጧል።

የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጠው «መጽሐ» ብለው ይፈልጉ። መተግበሪያ ከመምረጥዎ በፊትም ይህንን ፈተና ያድርጉ፦ አንድ ማስታወሻ ላይ «በመጽሐፉ» ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ «መጽሐ» ብለው ይፈልጉ። ካልወጣ የሚፈልገው ከቃል መነሻ ብቻ ነውና ለአማርኛ አይመችም። መተግበሪያውን መተው ካልቻሉ፣ በየማስታወሻው ግርጌ «ቁልፍ ቃል፦ ፀሐይ ጸሃይ መጽሐፍ» እያሉ አንድ መስመር ይጨምሩ። ለታግ (ማስታወሻ ለመመደብ ለሚለጠፍ ቃል) ደግሞ አንድ አጻጻፍና ነጠላ ቁጥር ይምረጡ፤ «መጽሐፍ» እና «መጻሕፍት» ሁለት ታግ ከሆኑ ግማሹ ስብስብ ሁልጊዜ ይደበቅብዎታል።

ጥያቄ፦ የምጠቀምበት አገልግሎት ነገ ቢዘጋስ?

መልስ፦ ይዘጋል ብሎ መሥራት ነው። ሊንክ የሚያስቀምጡት ጉግል ቡክማርክስ በ2021፣ ኦምኒቮር በ2024፣ ፖኬት በጁላይ 8፣ 2025 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ቆመዋል። ስለዚህ ያስቀመጡትን እያወረዱ ቅጂ ይያዙ። ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ አንድ ላይ ይጫኑ፤ በሚከፈተው የቡክማርክ ገጽ ላይ ከላይ በቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች ቡክማርኮቹን ኤክስፖርት የሚያደርገውን (ወደ ፋይል የሚያወጣውን) ይምረጡ። የሚወጣው ኤችቲኤምኤል ፋይል ነው፤ ፋየርፎክስም ሬይንድሮፕም ይቀበሉታል። ኪፕን በጉግል ቴክአውት (የጉግል መረጃዎን ማውረጃ አገልግሎት) ያወርዱታል። ኖሽን ደግሞ ማስታወሻዎቹን ሲያወጡ በፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይለጥፋል፤ ስሙን ካስተካከሉት በገጾች መካከል ያሉት ሊንኮች ስለሚበጠሱ እንዳለ ይተዉት። ያወረዱትን በየሦስት ወሩ ከፍተው አንድ የሚያውቁትን ርዕስ ይፈልጉበት፤ ባዶ ወይም ግማሽ ፋይል የሚታወቀው ያኔ ነው።