የደኑ ቅዳሜ ለምን አልሰመረም?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የማያቸው ሲተኙ ብቻ ስለሆነ፣ ባለፈው ወር አንዱን ቅዳሜ ለእነሱ ብዬ ሁለት ሰዓት በመኪና ነድቼ ወደ አንድ ደን ወሰድኳቸው። ልጄ መንገዱን ሙሉ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ሄደች፤ ገና እንደደረስን «መቼ ነው የምንመለሰው?» አለች። ስልኩን ቀማኋት። እግረ መንገዴንም ውጤቷ ስለወረደበት ነገር አንስቼ መከርኳት፤ አለቀሰች። ታናሽየው ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ አይቶ ከዚያ አልነሳም ስላለ ፏፏቴውን ሳናይ ተመለስን። ባለቤቴ «ቤት ብንውል ይሻለን ነበር» አለችኝ። እውነት ተፈጥሮ ቤተሰብን ያቀራርባል?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ስጨርስ በልቤ የቀረው ትንሹ ልጅዎ ነው። የዚያን ቀን ደኑን ያየው እሱ ነው። እናንተ ወደ ፏፏቴው ስትቸኩሉ እሱ ከመሬት የተቀመጠውን አገኘ። አጠገቡ ቁጭ ብለው «ወዴት የሚሄዱ ይመስልሃል?» ቢሉት ኖሮ፣ የመጡበት ነገር እዚያው ነበር።

ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ። አዎ፣ ያቀራርባል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እናቶችን ከ10 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሴት ልጆቻቸው ጋር አንድ ጊዜ በገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ በዛፎች መካከል አብረው እንዲራመዱ አድርገው ነበር። ከዛፎቹ መካከል ሲመለሱ መቀራረባቸው ጎልቶ ታየ፤ የልጆቹም ትኩረት ታደሰ። የእግር ጉዞው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ይህን የምነግርዎ የሁለት ሰዓቱ መንገድ የግድ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው። ከቤትዎ አቅራቢያ ጥቂት ዛፎች ካሉ ይበቃሉ።

ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሰው ሆን ብሎ የሚያተኩርበት ኃይል እንደ ጡንቻ ይደክማል ይላሉ። ይህ ኃይል ሲደክም ትዕግሥት አብሮ ያልቃል፣ ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል። የሚወዛወዝ ቅጠል ወይም የሚፈስ ውሃ ግን ሳንታገል ዓይናችንን ይስባል፤ የደከመው ኃይል የሚያርፈው ያኔ ነው። እርስዎ በሥራ፣ ልጅዎ በትምህርት ዝላችሁ ነው ደኑ የደረሳችሁት። ሳታርፉ ውጤት ተነሣ። እንደዚያ ባለ ሰዓት የትኛዋም ልጅ ታለቅሳለች።

እኔም ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው ዝም አለ፤ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፣ በሩን ይዘጋል። ወደ አንድ ወንዝ ዳር መውሰድ ጀመርኩ፤ ግን በወጣን ቁጥር «ምን ሆነህ ነው?» እያልኩ አስጨነቅሁት። አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ ስለነበር ምንም ሳልጠይቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እሱም ተቀመጠ። ሁለታችንም ውኃው ውስጥ የተሰነቀረ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠል እየመጣ ሲከማች እናይ ነበር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ ዓይኑን ከቅርንጫፉ ሳያነሳ «እማ፣ ክፍል ውስጥ የሚመቱኝ ልጆች አሉ» አለኝ። ፊት ለፊት ተቀምጬ ስድስት ወር የጠየቅሁትን ነው ጎን ለጎን ስንሆን የነገረኝ። ያን ቀን ዞሬ እንዳላየው ራሴን ስገታ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም።

ስለዚህ መውጫችሁ ምክር የማይነሣበት ይሁን። ውጤት፣ ሥርዓት፣ የቤት ሥራ ሁሉ ቤት ይቅሩ። በየጊዜው አዲስ ቦታ አይፈልጉ፤ ያው አንድ ዛፍ፣ ያው አንድ ጅረት ይሁን። ሦስተኛ ሲሄዱ ልጆች «ባለፈው ያልነበረ ጎጆ አለ» ማለት ይጀምራሉ፤ ቦታው የእነሱ ይሆናል። መንገዱን ትንሹ ይምራ። ባለቤትዎ ደክሟት ከሆነ ትቅር፣ አያስገድዷት።

ስልኩን መቀማት አልወደድኩትም። ከልጅዎ ጋር ለብቻችሁ አንድ ምሽት፣ መብራት ወደሌለበትና ደኅንነቱን ወደሚያውቁት ቦታ ውጡ። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ጥቂት ኮከቦች ብቻ ይታያሉ፣ ቆይቶ ሰማዩ ይሞላል። አንድ የስልክ ብርሃን ግን ያን ሁሉ ትዕግሥት ያጠፋዋል። ይህን ሳይወጡ አስረዷት፤ የእርስዎም ስልክ ከእሷው ጋር ይጥፋ። አንዴ ረስታ ብትከፍተው አይቆጧት፤ ኮከቦቹ እንደጠፉባት ራሷ ታያለች፣ እንደገናም አብራችሁ ትጠብቃላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስለዚያ ቅዳሜ ይቅርታ ይጠይቋት። ዛሬ ማታ፣ እዚያው ቤት፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር።