መልስ፦ ዲስኩ በስህተት በዋይፕኤፍኤስ ተጠረገ፣ የኤልቪኤም ቮሊዩሞቹ ይመለሳሉ?

ሰላም ወንድሜ፣ አይዞህ። ዋይፕኤፍኤስ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ያጠፋው ዲስኩ ምን እንደያዘ የሚናገረውን መለያ ምልክት ብቻ ነው። የኤልቪኤም (ዲስክን ቮሊዩም ወደሚባሉ ክፍሎች የሚያደራጅ የሊኑክስ ሥርዓት) ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በኋላ ስለሚጀምር አልተነካም።

ሰርቨሩን ግን በፍጹም ሪስታርት እንዳታደርግ! ቮሊዩሞቹ ማውንት እንደሆኑ (ለአገልግሎት እንደተከፈቱ) ከሆነ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ካርታቸውን በሜሞሪ ይዟል፤ ፋይሎችህን አሁኑኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ካልሆኑ መጀመሪያ ዲስኩን በዲዲ (ዲስክን እንዳለ በሚገለብጥ ትእዛዝ) ሙሉ ኮፒ አድርግ።

ከዚያ ኢቲሲ ውስጥ፣ ኤልቪኤም ፎልደር ሥር፣ አርካይቭ የሚለውን ክፈት፤ የኤልቪኤም ሜታዳታ (የቮሊዩሞቹ አቀማመጥ መግለጫ) ቅጂዎች እዚያ አሉ። እያንዳንዱ ፋይል አናቱ ላይ ከየትኛው ትእዛዝ በፊት እንደተቀመጠ ይናገራል። የቆየውን ከመረጥክ፣ ከዚያ ቅጂ ወዲህ ያሰፋኸው ቮሊዩም ጫፉ ተቆርጦ ይመለሳል። ከፋይሉ የፊዚካል ቮሊዩሙን (የዲስኩን) ዩዩአይዲ፣ ማለትም ልዩ መለያ ቁጥር፣ ቅዳ፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ የቮሊዩም ግሩፑን (ቮሊዩሞቹ የሚገኙበትን ስብስብ) ዩዩአይዲ ይወስዳል።

ፒቪክሪኤትን (የዲስኩን የኤልቪኤም መለያ የሚጽፈውን ትእዛዝ) ከዩዩአይዲውና ከሪስቶርፋይል አማራጭ ጋር ስጥ፣ መጀመሪያ በቴስት (ምንም ሳይጽፍ በሚሞክር አማራጭ)። ያለ ዩዩአይዲው ካስኬድከው ዲስኩ አዲስ መለያ ያገኝና ግሩፑ አያውቀውም። ቀጥሎ ሜታዳታውን ለመመለስ ቪጂሲኤፍጂሪስቶር በዚያው ፋይል፣ ከዚያ ቮሊዩሞቹን ለማንቃት ቪጂቼንጅ። ማውንት ከማድረግህ በፊት የፋይል ሲስተሙ ኤክስት4 ከሆነ ኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሲስተም መፈተሻውን) በኤን አማራጭ አስኪድ፤ ምንም ሳይጽፍ ይፈትሻል።

የአርካይቭ ፋይሉ ራሱ በጠፋው ቮሊዩም ላይ ከነበረ፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 1 ሜጋባይት በስትሪንግስ (ከዳታ ውስጥ ጽሑፍን ለይቶ በሚያወጣ ትእዛዝ) አንብብ፤ ሜታዳታው እዚያ በተራ ጽሑፍ ተቀምጧል።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ሆኖ ከተጠረገ በኋላ ፎርማት ተደርጎ ከነበረ ነገሩ ይከፋል። ፎርማት የሚያደርገው ትእዛዝ፣ ኤምኬኤፍኤስ፣ ትሪም (ለኤስኤስዲው ‘ይህ ቦታ አያስፈልግም’ የሚል መልእክት) ስለሚልክ ዳታው ራሱ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።