ለጠባብ ግቢ ምን ዓይነት የፍራፍሬ ዛፍ? ከጎንደር ጥያቄና መልስ

ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰኔ በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ለዓይንም ለአፍም የሚሆን፣ ግቢ የማይሞላ አጭር ዛፍ። ዛሬ እንግዲህ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራኪ ነው ያለሁት። ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ አለችኝ። አንድ ብቻ ይምረጡ ቢባሉ?

መልስ፦ ሮማን፣ ሳላመነታ። አበባው ሰም የተቀባ የሚመስል ደማቅ ቀይ ነው፤ በር ላይ ቢተከል እንግዳ ሳያየው አያልፍም። ዝም ካሉት ከአራት ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ግን ቁጥቋጦ ስለሆነ በመቀስ ይታዘዛል። ሦስት አራት ግንድ ትተህ ሌላውን ከሥር አንሳ። ብቻውንም ያፈራል፣ ጓደኛ አይፈልግም። ችግኝ ለመግዛትም አትቸኩል፤ ከጎረቤት ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያላት የአንድ ስንዝር ቁራጭ ለምነህ ውሰድ፣ ዓይኗን፣ ማለትም ቅጠል የምታወጣበትን እብጠት፣ ወደ ላይ አድርገህ ሁለት ሦስተኛዋን ቅበር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ፍሬ ታያለህ። ድንክ የሚባለው ሮማን ግን ሌላ ነው፦ ከወገብ አያልፍም፣ ፍሬው ከእንቁላል አይበልጥም፣ ጎምዛዛም ነው። እሱ ለማስቀመጫና ለዓይን ብቻ።

ጥያቄ፦ የቸንቻ ድንክ ፖም ይዘን ብንመጣስ?

መልስ፦ ፖም ብርድ ካልቀመሰ ዓይኑ አይነቃም። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ብትሆንም ለፖም ገና ለስላሳ ናት፤ ደባርቅ ላይ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። የግድ ካላችሁ ትንሽ ብርድ የሚበቃቸውን «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉ የፖም ዝርያዎች ውሰዱ፣ ግን ሁለቱንም፤ አንዱ ለአንዱ የአበባ ዱቄት ያቀብላል። ከዚያም ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ እየለቀሙ ማራገፍ አለ፣ ዛፉ ክረምት አልፎብኛል ብሎ እንዲያስብ። እኔ በበኩሌ ለጠባብ ግቢ ይህን ሁሉ አልደክምም።

ጥያቄ፦ ድቅል ሎሚ ገዝቼ ከተከልኩ ሁለት ዓመቱ። ከሥሩ እሾሃም ቀንበጥ ወጥቶ ከዋናው በለጠ። ቅጠሉም ሦስት ሦስት ሆነ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ የሎሚሽ ቅርንጫፍ አይደለም። ድቅል ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው፦ ታች ሥሩን የሰጠው፣ ላይ ፍሬውን የሚሰጠው። ቁመቱንም የሚያሳጥረው አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ነው። ሦስት ቅጠል ያለው እሱ ነው፤ ዛሬውኑ ከመነሻው ገንጥለሽ ጣይው፤ በመቀስ ከቆረጥሽው ዓይኑ ቀርቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። መጋጠሚያዋን፣ ያቺን ጎበጥ ያለች ቦታ፣ ከአፈር አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ መንደሪን እስከ መጋጠሚያው ቀብሬ፣ ላዩ ሞቶ ታቹ ሲለመልም «እንዴት አማረበት!» እያልኩ ሦስት ዓመት ውኃ አጠጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነን፣ አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ውኃ ይተኛበታል።

መልስ፦ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከተከላችሁ ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው፤ የሎሚና የብርቱካን ወገን ሥሩ ይበሰብሳል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉብታ አዘጋጁ፣ ቀይ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት፣ እላዩ ላይ ትከሉ።

ጥያቄ፦ ቧንቧው በፈረቃ ነው። በበጋ በምን እናኑረው?

መልስ፦ የሃይላንድ ላስቲክ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ፣ አፉን ወደ ታች ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት። በዚያ እየሞላችሁ በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ባልዲ ለመጀመሪያው በጋ ይበቃዋል። ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙበት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። የልብስ እጣቢ በረኪና ካለበት አይሆንም።

ጥያቄ፦ አቮካዶስ? በለስስ?

መልስ፦ አቮካዶ ጣሪያችሁን ያልፋል፣ ተዉት። በለስ ያምራል፣ ግን የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። የፋሲል መዋኛን ግንብ የዘመዶቹ ሥር እንዴት እንደጨመደደው ጥምቀት ላይ አላያችሁም? ከአጥር ራቅ አድርጉት፣ ወይም በግማሽ በርሜል ትከሉት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቀሃ ነኝ። ሮማኔ ሊበስል ሲል እየፈነዳ ወፍ ይጫወትበታል።

መልስ፦ እማማ፣ ጥሙ ነው የሚያፈነዳው። በበጋ ሲጠማ ቆዳው ይደርቃል፣ ድንገት ዝናብ ሲመጣ ፍሬው ከውስጥ ያብጣል፣ ቆዳው ግን አይለጠጥለትም። ፍሬ ከያዘ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ውኃ ሳይቋረጥ ይስጡት። ክብነቱ ጠፍቶ ጎን ጎኑ ሲያወጣም አይጠብቁ፣ ይቁረጡት። የፈነዳውን ዛሬ ለልጅ ልጆች ይፈልፍሉላቸው፣ ነገ ጉንዳን ይቀድማቸዋል።