መልስ፦ የተዘጋውን የመንግሥት ሕንፃ ለሕፃናት ማቆያ ስለማዋል

በባሕር ዳር በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ግቢ ተቆልፎ የተቀመጠውን አሮጌ ሕንፃ የሠራተኞች ልጆች ማቆያ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ስለነበር ሐሳቡ ለኃላፊዎች እንግዳ አይሆንም፤ የክልል ሠራተኛ ከሆኑ ግን የአማራ ክልልን አዋጅ ማየት ይኖርብዎታል።

በተጠቀሰው አዋጅ የድኅረ ወሊድ ፈቃዱ 90 ቀን ስለነበር፣ እናት ወደ ሥራ የምትመለሰው ልጇ ገና የሦስት ወር ሳለ ነበር፤ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ። ስለዚህ በእኔ እምነት ከሕንፃው ስፋት ይልቅ እናቶች ለማጥባት በእግራቸው ደርሰው መመለስ መቻላቸው ይበልጣል፤ ጎረቤት መሥሪያ ቤቶች አንዱን ሕንፃ በጋራ ቢጠቀሙበትም መለኪያው ይኸው ነው።

የጣና ዳርቻ የወባ አካባቢ ስለሆነ በመስኮቶቹ ላይ ወንፊት፣ በአልጋዎቹ ላይ አጎበር ያስፈልጋል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በሚያዝያ ሙቀት ለአዋቂ እንኳ አይቻልም። ቀለም መቀባቱ ቀላል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን የሚያጓትተው የሞግዚቶች የሥራ መደብና በጀት በመሆኑ፣ ማመልከቻዎን ሲያስገቡ የሕንፃውን ጥያቄ ከቅጥሩ ጥያቄ ጋር አንድ ላይ ያቅርቡት።