መሰርሰሪያውን ልመልስ ብዬ

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። 11 ዓመት ጫት ቅሜ ተውኩ። ሀራራውንም ዱካኩንም ችዬ አራት ወር ሞላኝ። አንድ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት የተዋስኩትን መሰርሰሪያ ልመልስ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። በርጫ ላይ ናቸው። «ቁጭ በል እንጂ!» አሉኝ። ሁለት ዝንጥል ቃምኩ። እሑድ «አንዴ ፈርሷል» ብዬ ራሴ ገዛሁ። ይኸው ሦስት ሳምንቴ። ባለቤቴ ትርፍ ሰዓት የምሠራ ይመስላታል። ለካ የማልረባ ሰው ነኝ?
ተሸናፊው፣ ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ በዚህ ስም እኔ አልጠራህም።

እስቲ አንድ ጿሚ አስብ። ረስቶ ማኪያቶ ፉት አለ። «ውይ፣ ገደፍኩ!» ብሎ ስኒውን ያስቀምጣል፤ ጾሙን ይቀጥላል። «አንዴ ከገደፍኩማ» ብሎ ክትፎ የሚያዝ አለ? (አለ። የአጎቴ ልጅ ነው።)

አንተም እሑድ ክትፎ ነው ያዘዝከው። አለን ማርላት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር፤ ሲያትል ሆኖ የመጠጥ ሱስን ሲያጠና የኖረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከጁዲት ጎርደን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ መንሸራተትንና ማገርሸትን ለየ። የቅዳሜዋ ዝንጥል መንሸራተት ናት። ከዚያ «የማልረባ ነኝ» የሚለው ስሜት ይመጣል። ስሜቱ ይከብዳል፤ ማቅለያው ደግሞ ያው የለመድከው ይሆናል። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ማገርሸት የሚባለውም ይኸው ነው።

አራት ወሩንም አትናቀው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ አንድ ጥናት የሄሮይን፣ የሲጋራና የመጠጥ ሱሰኞችን አነጻጽሮ ነበር። ትተው ወደ ሱሳቸው ከተመለሱት አብዛኞቹ የተመለሱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። አንተ ያንን አልፈሃል።

አሁን ወደ መሰርሰሪያው። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት? ወዳጄ፣ መሰርሰሪያ ሰኞ ጠዋትም ይመለሳል! እዚያ ቤት በዚያ ሰዓት ምን እንደሚኖር ጠፍቶህ አይደለም። ማርላት ይህንንም አይቶታል፤ ሲታዩ ምንም የማይመስሉ፣ ግን እያዋዙ ሱሱ ደጃፍ የሚያደርሱ ትናንሽ ውሳኔዎች።

ለባለቤትህ ዛሬ ማታ ንገራት። ወሩ ሲያልቅ የትርፍ ሰዓቱን ብር መጠየቋ አይቀርም። ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ልጆቹን ይዘህ ውጣ። ሀራራው ሲመጣ ደግሞ ለመጣል አትታገል፤ ይነሳል፣ ይበረታል፣ ራሱ ይወርዳል፤ ቁጭ ብለህ እየው። እንቅልፍ እምቢ ካለህ ወይም ከከፋህ ሐኪም ጋ ሂድ።

እዚያ ቤት ሌላ የተዋስከው ዕቃ ካለ በሰው ላከው።